ጤፍ ጆንያ ውስጥ የተቀበረው ሲስተም

ባሌን ሱልጣንን ዛሬ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ወርዳችሁ ብትጠይቁ፣ የሞባይል ስክሪን የሚቀይር፣ ቻርጀር የሚሸጥ፣ አፍ የሌለው ሰው ነው ይሏችኋል። አልዋሹም። አሁን የቀረው እሱ ነው። በፊት፣ ሰበታ እያለን፣ እንዲህ አልነበረም። በፊት ጣውንት ነበረችብኝ።

ጣውንቴ ኮምፒውተር ናት። ሳቁ፤ ጎረቤት ሁሉ ስቆብኛል። ሰውየው ከሥራ ሲመጣ ራቱን በቅጡ ሳይውጥ ወደ ሱቁ ተመልሶ እሷ ፊት ይቀመጣል። እሑድ የለ፣ በዓል የለ። እኔን ወይ እሷን፣ አንዳችንን ምረጥ ስለው፣ "አንቺ ብታኮርፊ ነገ ይበርድልሻል፣ እሷ ከተበላሸች ግን ሳምንት አትነሣም" ይለኛል። እንዲህ እያለ ይቀልድ የነበረ ሰው ነው።

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ነን። ልደታ ያለው ሰፈራችን ሲፈርስ፣ ኪራይ ይቀላል ተብሎ ሰበታ ገባን። እኔ መርካቶ የሰው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እሸጥ ነበር፤ ጠዋትና ማታ ሚኒባስ ውስጥ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ሱልጣን ግን አስፋልቱ ዳር ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ኮምፒውተር መጠገን ጀመረ። ከልጅነቱም እንዲሁ ነው፤ እናቱ ሲያወሩ፣ የአባቱን ሬዲዮ ፈትቶ እንደገና ሲገጥመው ብሎን ተርፎት ነበር፣ ሬዲዮኑ ግን ይሠራል። ያቺን ብሎን ለምን እንደምትጠቅም ሳያውቅ ሳምንት አልተኛም አሉ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ እኔም ስንት ጊዜ ፈጅቶብኝ ነው የገባኝ። ኮምፒውተር ስትከፍቱ ከሁሉም በፊት የሚነሣ፣ ስክሪኑንም፣ የፊደል ገበታውንም፣ ዲስኩንም የሚያዝ ነገር አለ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሉታል። ሰው ሁሉ ዊንዶውስ ይጭንና ይገላገላል። ሱልጣንም ቀኑን ሙሉ ለሰው ያንን ሲጭን ነው የሚውለው። ሥራ ሲፈታ ግን የራሱን ይሠራል፤ ከባዶ ተነሥቶ፣ ከማንም ሳይዋስ። ያዘዘው የለ፣ የሚከፍለው የለ። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት በሽታ የያዘው ሰው ብዙ ነው። ኢንተርኔት ላይ መሰብሰቢያ አላቸው። አንዱ ብራዚል ሆኖ ሰዓት ብቻ የሚያሳይ ሲስተም ሠርቷል። ሌላው የፖላንድ ሽማግሌ ነው፤ መመረቱ ከቆመ ለቆየ ማሽን ሲስተም ይሠራል። የስክሪናቸውን ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ሌሎቹ እንኳን ደስ ያለህ ይላሉ። እዚያ ቤት "ይኼ ለምን ይጠቅማል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አዲስ ገብ እንደሆነ ይታወቅበታል። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ አዲስ ገብ ነበርኩ።

መጀመሪያ የታየው ነገር "ሀ" ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ "ሀ"። ቶሎ ነይ ብሎ ደወለልኝ፤ ወጥ ጥጄ ነበር፣ ምድጃውን አጥፍቼ ሮጥኩ። ምን ሆነ፣ ሎተሪ ደረሰህ ወይ ብለው እሷን አሳየኝ። ወላሂ በጥፊ ልለው ነበር። ፊደሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ፣ በነጥብ በነጥብ ራሱ ነው የሣላቸው። "ጨ" አላምር ብላው ስንቴ አፍርሶ ሠርቷታል።

ኢቲቻ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢቲቻ ባጫ እዚያው ሰበታ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አባቱ ኦቦ ባጫ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በተፍኪ መንገድ በኩል ያሉ ገበሬ ናቸው። ኢቲቻ ላፕቶፑን ሊያሠራ ገብቶ ያንን ጥቁር ስክሪን አየና ወንበር ሳበ። የከሰዓት ክፍለ ጊዜው እዚያው አመለጠው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሆኑብኝ። ሱልጣን ስክሪንና ፊደል ይሠራል፣ ኢቲቻ ደግሞ ፋይል ዲስክ ላይ የሚቀመጥበትን መንገድ። ያም ቢሆን የራሱ መንገድ ነው፣ ሌላ ኮምፒውተር የማያውቀው። ሲከፈት "አካም፣ ሰላም" ብሎ በሁለት ቋንቋ ይቀበላችኋል። የትኛው ይቅደም ተብሎ ስንት ሻይ ቀዝቅዟል። ስም ለማውጣትማ ጭራሽ አልተስማሙም፤ ያለ ስም ቀረ።

ሲስተሙ በእግሩ ሲቆም አንድ ነገር ወሰኑ። የእነዚያ የኢንተርኔት ሰዎች ትልቁ ክብር እሱ ነው አሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተሙን የሚጽፉት በራሱ በሲስተሙ ውስጥ ብቻ ሆነ። ዊንዶውስ አይነካውም። ስለዚህ የስምንት ዓመት ልፋት ያለው በኢቲቻ መንገድ በተጻፈ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎቶው ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ዲስኩ ሁለት ነበር፣ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ኢቲቻ ቤት። ዓርብ ዓርብ ሱልጣን ከጁምዓ ሲመለስ ይለዋወጡታል፤ አንዱ ቤት አንድ ነገር ቢደርስ ሌላው ይተርፋል ብለው። ኢቲቻ ጋ ያለው በፌስታል ተጠቅልሎ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ይህን የመከረው የእኔ ባል ነው። ውኃ የገባበትን ስልክ ሩዝ ውስጥ እንደሚቀብረው፣ ጤፍም እርጥበት ያርቃል ብሎ ነው፤ የኢቲቻ ኪራይ ቤት ክረምት ሲሆን ያፈሳል። ጠጋኝ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበበትም።

ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ማስተር ፕላን ነበር። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ከአዲስ አበባ ጋር ሊያያዙ ነው፣ ገበሬው ሊነሣ ነው ተባለ። በኋላ ፕላኑ ቀርቷል ቢባልም ነገሩ አልበረደም። ኦቦ ባጫ ማሳቸው የተለካባቸው ሰው ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከፈረሰ ሰፈር የመጣን ተከራዮች ነን። ሱቁ ውስጥ ግን ሁለቱ ሰዎች ስለዚህ ሲነጋገሩ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ውጪ ጎማ ይቃጠላል፣ እነሱ ውስጥ ሆነው አንድ ፋይል ለምን አልተከፈተም ብለው ይነታረካሉ። ያናድዱኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለእነሱ መጠለያቸው እሱ ነበር።

በ2009 መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ቢሾፍቱ ኢሬቻ ላይ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ሰበታም ተነሣች። ፋብሪካ ተቃጠለ፣ መኪና ተቃጠለ። የእኛን ሱቅ ፈልጎ ያቃጠላት ሰው የለም። አጠገቧ የቆመ የጭነት መኪና ሲነድ አብራ ነደደች። ነገሩ ጋብ ሲል ሄድን። ሱልጣን አመዱ ውስጥ ገብቶ በጫማው ነካ ነካ አደረገና፣ ኢቲቻ ጋ አንዱ አለ አለኝ። ያ ብቻ። አላለቀሰ፣ አልተራገመ። እኔም ማልቀስ ነበረብኝ፣ እምቢ አለኝ። ሁለመናዬ የጥርስ ሐኪም እንደወጋው ድድ ሆኖ ነበር፤ ብትነክሱትም አይሰማውም።

ቀጥሎ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ፣ የቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። የተዘረፈ ዕቃ ነበር የሚፈልጉት። ኢቲቻ ቤት ጤፉ ውስጥ እጃቸውን ሲከቱ ዲስኩ ወጣ። አሁን እስቲ ፍረዱ፤ ጤፍ ውስጥ የተቀበረ፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ሰክተው ሲያዩት ባዶ ነኝ የሚል ዲስክ ምን ይመስላል? እኔም ብሆን እይዘው ነበር።

ወሬውን ያመጡልን ኦቦ ባጫ ናቸው። ኢቲቻን ወሰዱት አሉን፣ በር ላይ እንደቆሙ። ግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ። ሱልጣንን እያዩ፣ ያ ዕቃ ምንድን ነው፣ ልጄን ያስወሰደው ምን ቢሆን ነው ብለው ጠየቁት። ሽማግሌው ጥቂት ጠበቁና ሄዱ። ማሳቸው ሲለካ ለምን እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም፣ ልጃቸው ሲወሰድም የሚነግራቸው አላገኙም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ኦቦ ባጫ ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ፣ ስንቁን ይቀበሏቸዋል፣ ልጃቸውን አያሳዩዋቸውም። እኔ መርካቶ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሱልጣን ቤት ይውላል። ሬዲዮ እንኳ አይከፍትም። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ጫማውን አደረገና፣ ዲስኩ የእኔ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ አለኝ። አንተንም ያስገቡሃል አልኩት። ያስገቡኝ አለ። እንዲህ ሲል ድምፁ ዳቦ ልግዛ ወይ እንደሚል ሰው ነበር። ብቻውን አልለቀውም ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኩት።

ለጊዜው ማቆያ ያደረጉት ቦታ ከከተማው ጫፍ ያለ መጋዘን ነው። ኃላፊው ክፉ ሰው አይመስልም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ከጎኑ አትክልት የሚሉት ኮምፒውተር የሚያውቅ ባልደረባ አለው። ዲስኩን ሲያየው የከረመው እሱ ነው። ሱልጣን ከእህቴ ከሳሊሃ የተዋስነውን አሮጌ ላፕቶፕ አወጣና፣ ስጡኝ ላሳያችሁ አላቸው። ሰካው፣ ከፈተው። ስክሪኑ ጠቆረ፣ "አካም፣ ሰላም" አለ፣ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ኃላፊው ሌላ ነገር የሚመጣ መስሎት ጠበቀ። ሱልጣን የኃላፊውን ስም በፊደል ጻፈለት፣ ሰዓት አሳየው፣ ቁጥር ደመረለት። አለቀ። አትክልት ብቻ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ እንዳለ ቀረ፤ ምን እያየ እንደሆነ የገባው እሱ ነው።

"ይኼ ለምን ይጠቅማል?" አለ ኃላፊው።

"ለምንም" አለ ሱልጣን።

"ሰው ለምንም ብሎ ስምንት ዓመት አይለፋም።"

"እኔ ለፋሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ለትምህርት ቤት ነው በል፣ ለሒሳብ ማስተማሪያ ነው በል፣ ዋሽ እንጂ! እናቱን ሳይቀር ዋሽቶ የሚያውቅ ሰው፣ በዚህ ነገር ግን አይዋሽም። ኃላፊው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ለምንም የማይሆን ነገር እሱ ያለበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ለማመን የሚያስቸግር መሆኑ ገባኝ፤ ፈርቶም ነው።

"እንግዲያው ለምንም ካልሆነ ብታጠፋው አይቆጭህም" አለው። "እዚሁ ፊቴ አጥፋው፣ ከዚያ የልጁን ጉዳይ እናያለን።"

ሱልጣን ቅጂ ላስቀር ብሎ ለመነ። ቅጂ ካለውማ አላጠፋኸውም አለው፣ እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? ነገ ልመለስ፣ ላስብበት አለ። ላስብበት! ደሜ መፍላት ነበረበት፤ ግን ያን ሰሞን የእኔ ደም መፍላት ትቶ ነበር።

ቤት ስንገባ ግን ጮኽኩበት። ንዴት ሳይሆን ልማድ ነው ያስጮኸኝ። ሰው ታስሮ አንተ ብረት ታቅፈህ ታስባለህ ወይ፣ ኢቲቻ ከጣውንቴ ያንሳል ወይ አልኩት። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል።

"ግማሹ የእሱ ነው፣ መኪያ" አለኝ። "የሰው ሥራ ሳልጠይቀው እንዴት አጠፋለሁ?"

"ብትጠይቀው ምን ይልሃል?"

"እንዳትነካው ይለኛል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ አልጠይቀውማ።"

ሲያስብ የነበረው ይህንን ነው፤ ለራሱ የሚያስብ መስሎኝ ነበር። ራት አቀረብኩ፣ ሁለታችንም በላን፤ ምን እንደበላን ግን ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ተመለስን። ፎርማት ሲባል ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ፈጣኑ ነው፣ ላይ ላዩን ብቻ ጠርጎ የሚተው፤ ከሥሩ ያለውን የሚያውቅ ሰው በኋላ ቆፍሮ ያወጣዋል። ሱልጣን ስንት ሰው የሰርግ ፎቶ ጠፋብኝ ብሎ ሲመጣ በዚያ መንገድ መልሶለታል። ሌላው ሙሉው ነው፣ ምንም የማያስቀር። ዲስኩ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ዊንዶውስ ይህ ዲስክ ፎርማት አልተደረገም፣ ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቀ። ፈጣኑ ላይ ምልክቱ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሱልጣን እንዳለ ትቶት ወደ ታች ሊያልፍ ሲል አትክልት አየው። ኃላፊው ምኑንም አያውቅም፣ አትክልት ዝም ቢል ያልፍ ነበር።

"ሙሉውን" አለ አትክልት ቀስ ብሎ። ሱልጣንን ሳይሆን ስክሪኑን እያየ ነው ያለው።

ሱልጣን ምልክቱን አነሣና ተጫነ።

አረንጓዴ መስመር ናት። ትሞላለች፣ ቀስ እያለች። ኃላፊው መሃል ላይ ሰልችቶት ወጣ፣ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ሱልጣን ከመስመሯ ላይ ዓይኑን አላነሣም። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ ምንም። ያ ሁሉ ዓመት የቀናሁባት ጣውንቴ ፊቴ እየሞተች ነው፤ ደስ ሊለኝ ወይ ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር። እግሬ ደንዝዞ ነበር፣ እሱ ብቻ ነው የተሰማኝ። ሲያልቅ ሱልጣን፣ ለደንበኛ እንደሚለው፣ ጨርሷል አለና ዲስኩን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ኃላፊው ውሰደው አለው፣ ልጁን በተመለከተም ነገ ከሰዓት ኑ አለን። ባዶውን ዲስክ ኪሱ ከተተና ወጣን።

ሐሙስ ስንደርስ በሩ ላይ ሕዝብ ነበር። እናቶች፣ ሚስቶች፣ ፌስታል የያዙ ልጆች። ኦቦ ባጫ ጉልበታቸውን አሟቸው ቤት ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ሰው እየጠበቀ መሆኑን ሳይ አንድ ነገር መጠርጠር ነበረብኝ፤ ያን ሰሞን ግን ማሰብ ትቼ ነበር። በሩ ሲከፈት በረድፍ ወጡ። ኢቲቻ ጢሙ አድጎ፣ ጫማው ያለ ማሰሪያ፣ ቀበቶ ስለሌለው ሱሪውን በእጁ ይዞ ወጣ። ሱልጣን አቀፈው። ብዙ ቆየ እንዳቀፈው፤ ስለ ዲስኩ ግን አላነሣለትም። ከዚያ ባጃጅ ላምጣ ብሎ ወደ አስፋልቱ ሄደ።

ኢቲቻ እኔ አጠገብ ቆሞ ፀሐዩን ያያል፣ ይስቃል።

"መኪ፣ ሰኞ ዝርዝር ሲያነቡልን አላመንኩም ነበር" አለኝ። "ሐሙስ ትወጣላችሁ ሲሉን ለማፌዝ መስሎኝ። አሁን በሩ እስኪከፈት ድረስ አላመንኩም።"

"መቼ?"

"ሰኞ ጠዋት። ይኼ የምታዪው ሰው ሁሉ ስሙ ሰኞ ነው የተነበበው።"

እኛ የሄድነው ማክሰኞ ነው። ያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አጥፋው ያለው ሰውዬ፣ የኢቲቻ መፈታት ከተወሰነ በኋላ ነው ያለው። አውቆ ይሁን፣ ዝርዝሩን ሳያየው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ብቻ ሱቃችን ከተቃጠለ ወዲህ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ያ ነው። ንዴት ከእግር ጥፍሬ ተነሥቶ አፌ ድረስ መጣ። ተመልሼ ያንን በር በጫማዬ ልደበድበው ነበር። ኢቲቻ ክንዴን ይዞ ምን ሆንሽ ሲለኝ ነገርኩት። ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ አረንጓዴዋን መስመር፣ ሁሉንም።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ፈጣኑን ነው ያደረገው?" አለኝ።

"ሙሉውን።"

"ሙሉውን" አለ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። በተፈታበት ቀን ሰው እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ባጃጇ ከሩቅ ስትመጣ አየኋት፤ ሱልጣን ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል።

"ኢቲቻ፣ ስማኝ" አልኩት። "አንተን እሱ ያስወጣህ ነው የሚመስለው። ሱቁ የለ፣ ሥራው የለ፣ በእጁ የቀረው ይህች ብቻ ናት። ሰኞ የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ።"

ባጃጇ ቆመች፣ ሱልጣን ወረደ። ኢቲቻን አየው። ዓይኑ መቅላቱን አይቶ ይሆናል፣ እንጃ። ሱሪውን ይዞለት እንዲነሣ አገዘው።

"መቼ ነው የነገሩህ?" ብሎ ጠየቀው።

ኢቲቻ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እሱን።

"ትናንት" አለው። "ትናንት ከሰዓት። ድንገት ነው ስሜን የጠሩት።"

"ትናንት" አለ ሱልጣን፣ ራሱን እየነቀነቀ። ከንፈሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ ወደ ባጃጇ ገባና ጥግ ይዞ ለጓደኛው ቦታ ለቀቀለት።